ከቺፕስ ድንች እጣቢ የሚበላ የመከለሻ መጠቅለያ አሠራር

ለቺፕስ የተከተፈ ድንች የተዘፈዘፈበት ውሃ ጥቂት ሲያርፍ ከባልዲው ሥር ነጭ ዝቃጭ ይቀመጣል። ሐዋሳ ውስጥ ቺፕስ የሚጠብሱ ሰዎች ይህን ዝቃጭ ከእጣቢው ጋር አብረው ይደፉታል፤ ዝቃጩ ግን ድንቹ በቢላዋ ሲቆረጥ የወጣ ስታርች ነው፤ በተራ የማእድ ቤት ዕቃ ከምግቡ ጋር አብሮ የሚበላ ስስ መጠቅለያ ይወጣዋል። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ከጸደቀ ወዲህ ምትክ መፈለጉ ተገቢ ቢሆንም፣ ይህ መጠቅለያ የፌስታልን ቦታ እንደማይሸፍን ከወዲሁ መታወቅ አለበት። እርጥበት ሲነካው ስለሚለሰልስ፣ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የተገዛ ዓሣ ቢጠቀለልበት ቤት ሳይደርስ ይበጣጠሳል።

የሚያዋጣው ደርቆ ለሚቀመጥና በቀጥታ ወደሚፈላ ድስት ለሚገባ ነገር ነው። እኔ ለመከለሻ እመርጠዋለሁ፤ የደረቀ የስታርች ሽፋን አየርና ቅባት በቀላሉ ስለማያሳልፍ የኮረሪማው መዓዛ ቶሎ እንዳይጠፋ ይረዳልና። ሽሮ ግን በዚህ መልክ አይታሸግ፤ ከነመጠቅለያው የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይጓጉላል። የአይብ አጓት ለዚህ ሥራ የሚመክሩም አሉ። የእኛ አይብ ግን አሬራው ሞቆ የሚወጣ በመሆኑ ሽፋን ሊሆን የሚችለው አብዛኛው ፕሮቲን ከአይቡ ጋር ይሄዳል፤ አጓቱ ውስጥ የሚቀረው ለሽፋን አይበቃም።

ስታርቹን ለማውጣት፣ የተላጠና የታጠበ ድንች ብቻ የተዘፈዘፈበትን ውሃ በሻሽ አጥልለው ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነካ ያስቀምጡት። አረንጓዴ የሆነ ወይም ያቆጠቆጠ ድንች ሶላኒን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ከመጀመሪያው ይወገዳል። ውሃው ጠቁሮ ሊታይ ይችላል፤ ከሥሩ ያለው እንዳይናወጥ ውሃውን ከላይ ቀስ ብለው ይድፉትና ንጹሕ ውሃ ጨምረው በማማሰል እንደገና እንዲያርፍ ያድርጉ። ላይ የሚቀረው ውሃ ጥርት እስኪል ድረስ ይህ መደጋገም አለበት፤ በችኮላ የታጠበ ስታርች መጠቅለያውን ግራጫ ያደርገዋል፣ የጥሬ ድንች ሽታም ይተውበታል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ስስ አድርገው አስጥተው ያድርቁት።

ለ1 ሊትር ውሃ 40 ግራም ደረቅ ስታርችና 12 ግራም ግሊሰሪን ያስፈልጋል። ግሊሰሪን ከሌለ ሽፋኑ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ሲበዛ ደግሞ ይጣበቃል። እዚህ ላይ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ለቆዳ ተብሎ የሚሸጠውን ግሊሰሪን በፍጹም አይጠቀሙ። በ2006 እ.ኤ.አ. በፓናማ ዳይኢትሊን ግላይኮል የተባለ መርዝ በግሊሰሪን ስም ተሸጦ ሳል ማስታገሻ ውስጥ በመግባቱ ብዙ ሰዎች ሞተዋል። ለምግብ የተዘጋጀ መሆኑ በማሸጊያው ላይ በግልጽ ካልተጻፈና ሻጩ የጥራት ማረጋገጫ ወረቀት ማሳየት ካልቻለ ሥራውን ማቆየት ይሻላል።

ስታርቹን በቀዝቃዛው ውሃ በጥብጠው ግሊሰሪኑን ይጨምሩና በመካከለኛ እሳት ላይ ሳያቋርጡ በዝግታ ያማስሉት። ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት የስታርቹ ቅንጣቶች ውሃ መጥጠው ያብጣሉ፤ ነጭ የነበረው ብጥብጥ ወፍሮ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል። ከዚያ በኋላም ለአሥር ደቂቃ ያህል 85 ዲግሪ አካባቢ ያቆዩት። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ ውሃዋ በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ከመንተክተኩ በፊት እሳቱን መቀነስ አለበት፤ ሲንተከተክ አረፋ ይይዛል፣ እያንዳንዱ አረፋም ሲደርቅ ቀዳዳ ይሆናል። አውርደው ክዳን ይግጠሙበትና አረፋው እስኪወጣ ይጠብቁ፤ እንዳይረጋ ግን ሳይቀዘቅዝ መፍሰስ አለበት።

30 በ40 ሴንቲሜትር ለሆነ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ትሪ 300 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ትሪው በግንበኛ ውሃ ልክ ተስተካክሎ ካልተቀመጠ አንዱ ጠርዝ ይወፍርና ሌላው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል። ነፋሻ በሆነ ጥላ ሥር አቧራ እንዳይገባበት በሻሽ ሸፍነው ያድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ጠርዙ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። በበጋ አንድ ቀን ተኩል ያህል ይወስዳል። በክረምት ይዘገያል፤ ከሁለት ቀን በላይ እርጥብ ሆኖ የቆየ ሻጋታ ሊያበቅል ስለሚችል መጣል ይኖርበታል። ጠርዙ በጥፍር ሲነሳ ሳይሳብ ከተላቀቀ ደርሷል።

ሽፋኑን 5 በ10 ሴንቲሜትር አድርገው ሲቆርጡት ከአንድ ትሪ 24 ቁራጭ ይወጣል። አንዱን መሐል ለመሐል አጥፈው ሁለቱን ጎኖች በውሃ በረጠበ ብሩሽ ዳሰስ በማድረግ ይጫኗቸው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ መከለሻ ጨምረው አፉንም እንዲሁ ይዝጉ። ውሃው ከበዛ መጠቅለያው ይበሳል። ከመታሸጉ በፊት አንዱን በፈላ ውሃ ይሞክሩት፤ እየተማሰለ ካልተበታተነ ወፍሯልና በሚቀጥለው ዙር በትሪው ላይ የሚፈሰው ይቀነስ።

የታሸጉትን ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ወይም ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው በደረቅ እጅ እያነሱ ይጠቀሙባቸው። መጠቅለያው ራሱ ምግብ ስለሆነ እጅ በእጅ መዞር የለበትም፤ ለገበያ የሚያቀርብ ሰው የውጭ የወረቀት ማሸጊያ ሊያደርግለት፣ ስታርችና ግሊሰሪን እንዳለበትም ሊጽፍበት፣ ከሽያጩ በፊትም የሚመለከተውን የምግብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሊጠይቅ ይገባል።