«ዜሮ ነው፣ ግን ንገሩን»፦ ጎንደር ተቀምጠን ለአሜሪካ ግብር ስናሳውቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ጥር፣ የጥምቀት ሰሞን ነው። ታቦታቱ ከፋሲል መዋኛ ወደየደብራቸው ከተመለሱ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። ፒያሳ ቡና እየጠጣን ከቨርጂኒያ ለበዓሉ የመጣች አንዲት ሴት አንድ ጋሼ ጋ ቀርባ ፖስታ ሰጠቻቸው። ከአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ እዚያ ባለች እህታቸው አድራሻ የተላከ ደብዳቤ ነው። ለሦስት ዓመት ግብር እንዳላሳወቁ ይናገራል። ጋሼ አንብበው አጠፉትና ኮት ኪሳቸው ከተቱት።

«ከዚያ አገር ከወጣሁ ሰባት ዓመቴ እኮ ነው። ምን ቀርቷቸው ነው?» አሉ።

እውነታቸውን ነው፣ ወጥተዋል። ግን የያዙት ፓስፖርት የአሜሪካ ነው።

አብዛኛው አገር ግብር የሚጠይቀው እዚያ የሚኖረውን ሰው ነው። ካናዳ ኖረህ ጓዝህን ጠቅልለህ ከወጣህ፣ በኋላ ጎንደር የምታገኘው ገንዘብ የካናዳ ጉዳይ አይደለም። አሜሪካ ግን ዜጋዋን የትም ትከተለዋለች። ኤርትራም ውጭ ካሉት ዜጎቿ 2 በመቶ ትጠይቃለች። ከሁለቱ ሌላ ይህን መንገድ አጥብቆ የያዘ አገር የለም ማለት ይቻላል። የአሜሪካው ሐሳብ የመጣው በ1860ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነታቸው ወቅት ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በ1924 ሜክሲኮ ሲቲ የሚኖር ኩክ የሚባል አሜሪካዊ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወስዶት ነበር። ተፈረደበት። ዜጋ እስከሆነ ድረስ የትም ይኑር፣ ገንዘቡም ከየትም ይምጣ፣ ግብሩ ይመለከተዋል ተባለ።

የእኛ ነገር ደግሞ ያስቃል። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ እዚህ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) የያዝን የውጭ ዜጎች ነን። ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ግን ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ንቅንቅ አላልንም።

እኔ የሒሳብ ባለሙያ አይደለሁም። ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ ነድቼ የተመለስኩ፣ አሁን እዚህ ትንሽ ካፌ ያለኝ ሰው ነኝ። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። እስካሁን የገባኝ አንድ ነገር አለ። ጎንደር የሚኖር ሰው መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ዜሮ ወይም ጥቂት ነው። ወገብ የሚያጎብጠው ያንን ዜሮ ማሳወቁ ነው።

«ግብሬን እዚህ ከፍያለሁ፣ ሁለቴ አልከፍልም»

ይህንን ቡና ላይ በየሳምንቱ እሰማለሁ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ግን ማንም በራሱ ጊዜ አያደርግልህም። ኢትዮጵያና አሜሪካ ድርብ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት የላቸውም። ያለው መፍትሔ ቅጽ 1116 ነው። እዚህ የከፈልከውን የገቢ ግብር እዚያ ካለብህ ላይ ያስቀንስልሃል። የእኛ የገቢ ግብር ከፍተኛው መጣኔ 35 በመቶ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የአሜሪካውን ሸፍኖ ይተርፋል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። የሚቀነሰው የገቢ ግብር ብቻ ነው፤ ቫትና የስም ማዛወሪያ አይገቡም። ሁለተኛው የዓመቱ ነገር ነው። የእኛ የግብር ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ የእነሱ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። አንዱ የእነሱ ዓመት የእኛን ሁለት ዓመት እኩሌታ ይይዛል። የዓመት ድምር ብቻ የያዘ ሰው ጉዱ ፈላ። በየወሩ የተጻፈ መዝገብና ደረሰኝ ያስፈልጋል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ደረሰኝ ከኬክ ካርቶን ውስጥ እየለቀምኩ ነው የሠራሁት።

«ከ130 ሺህ ዶላር በታች ነኝ፣ አይመለከተኝም»

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ላውራ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ውጭ ሠርቶ ያገኘውን ገቢ ከግብር ነጻ የሚያደርግ ሕግ አለ። ጣሪያው ለ2025 130,000 ዶላር ነው። ጎንደር ውስጥ ሠርቶ ከዚህ በላይ የሚያገኝ ሰው ካለ ቡናውን ይጋብዘን። ነጻነቱ የሚገኘው ግን አሳውቀህ፣ ቅጽ 2555 ሞልተህ ስትጠይቅ ነው። ዝም ያለ ሰው አልጠየቀም፤ ስለዚህ አላገኘም።

መለኪያም አለው። አንደኛው መንገድ በተከታታይ 12 ወር ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ከአሜሪካ ውጭ መገኘት ነው። ክረምቱን ቨርጂኒያ ሄዶ ሦስት ወር ሹፍርና ሠርቶ የሚመለስ ወዳጅ አለኝ። ቀኑ አይሞላለትም። ሁለተኛው መንገድ አንድ ሙሉ የፈረንጅ ዓመት የዘለቀ እውነተኛ ነዋሪነት ማሳየት ነው፤ እሱም ማስረጃ ይፈልጋል። በዚያ ላይ እዚያ ሄዶ በሹፍርና ያገኘው ገንዘብ የአሜሪካ ገቢ ነው፤ በየትኛውም መለኪያ በዚህ ሕግ ነጻ አይሆንም።

ሌላው ወጥመድ «ሠርቶ ያገኘው» የሚለው ቃል ነው። የቤት ኪራይ ሠርተህ ያገኘኸው አይባልም። የባንክ ወለድም፣ ጡረታም እንደዚያው። አዘዞ ቤት ሠርቶ የሚያከራይ ሰው ኪራዩን በ2555 መሸፈን አይችልም። እዚህ የከፈለውን የኪራይ ገቢ ግብር ይዞ ወደ 1116 ይሄዳል።

አሁን ወደ እኔ ቁስል። ካፌው በስሜ ነው፤ የግል ሥራ ማለት ነው። የተጣራ ትርፉ በዓመት 12,000 ዶላር ነው እንበል። የገቢ ግብሩ በ2555 ዜሮ ይሆናል። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬሩ (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና መዋጮ) 15.3 በመቶ ግን ንቅንቅ አይልም። ሲሰላ 1,700 ዶላር ገደማ ይመጣል። የሚጀምረውም ከ400 ዶላር የተጣራ ትርፍ ነው። አሜሪካ ይህ እንዳይደርስ ከ30 ያህል አገሮች ጋር የተለየ ስምምነት አላት፤ ኢትዮጵያ ግን አልገባችበትም። መጀመሪያ ሳየው ቅጹን ተሳስቼ የሞላሁ መስሎኝ ሦስቴ ደመርኩት።

ለጡረታ የሚያስፈልገውን የ10 ዓመት ሥራ ላልሞላ ሰው ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ የባከነ አይደለም፤ ይቆጠርለታል። ለሞላ ሰው ግን የሚያስከፋ ነው።

«እንግዲያው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ላቋቁም» የሚል አለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ከዚያ የውጭ አገር ድርጅት ያለው ሰው የሚሞላው ቅጽ 5471 ይመጣል። ሳይሞሉት ቢቀር ቅጣቱ በዓመት 10,000 ዶላር ነው። ለትልቅ ሆቴል ሊያዋጣ ይችላል። ለአራት ጠረጴዛ ካፌ ግን እኔ አልመክርም።

«የእድሩ ሒሳብ የእኔ አይደለም»

ዳያስፖራ ሲመለስ ሰፈሩ ወዲያው ሹመት ይሰጠዋል። ፈረንጅ አገር የኖረ ነው፣ ገንዘብ አይጎድልበትም ተብሎ የእድር ገንዘብ ያዥ ይደረጋል። የሰበካ ጉባኤው ፈራሚም ይሆናል። እናቱ ደግሞ ደከመኝ ብለው ለባንክ ሒሳባቸው ውክልና ይሰጡታል።

አሁን ሕጉን እንየው። ውጭ አገር ያሉ የባንክ ሒሳቦችህ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ፣ ኤፍባር የሚባል መግለጫ ታስገባለህ። «ሒሳቦችህ» ሲል በስምህ ያሉትን ብቻ ማለቱ አይደለም። ፈርመህ ማንቀሳቀስ የምትችለው ሁሉ ይቆጠራል። ፈርመህ ባታውቅም ሥልጣኑ ካለህ ይቆጠራል። ስለዚህ እድሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የእናትህም ሒሳብ ይገባል። ከባለቤትህ ጋር የጋራ የሆነው፣ በጊዜ ገደብ የተቀመጠው፣ የውጭ ምንዛሪ አካውንቱም አይቀርም።

በእኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የራሴ ብር ትንሽ ነበር። የእድራችን ሒሳብ ግን ድንኳንና ወንበር ለመግዛት ተጠራቅሞ ከ600 ሺህ ብር አልፎ ነበር። ያኔ በ2022 መጨረሻ ዶላሩ ወደ 53 ብር ነው። ገደቡ ታለፈ። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ በዓመቱ ውስጥ ከፍተኛውን ቀሪ ሒሳብ ይዘህ፣ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ለዲሴምበር 31 ባወጣው ምንዛሪ ትመነዝረዋለህ። በጥቁር ገበያ ዋጋ አስበህ «አልደረስኩም» ማለት አይቻልም። በ2024 ክረምት ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ 10,000 ዶላር በጣም ብዙ ብር ሆኗል። ወደ ኋላ ያሉትን ዓመታት ስትሞላ ግን የየዓመቱ የድሮ ምንዛሪ ነው የሚሠራው።

ኤፍባር ግብር አይደለም። በእሱ ምክንያት የሚከፈል ሳንቲም የለም። በኢንተርኔት፣ በነጻ፣ ለብቻው ይሞላል። ከግብር ማሳወቂያው ጋር አብሮ አይሄድም፤ «ታክስ የሚሠራልኝ ልጅ አስገብቶታል» ብሎ መተኛትም አንዱ ስህተት ነው። ሳያውቅ የረሳ ሰው ቅጣቱ በአንድ መግለጫ እስከ 10,000 ዶላር ተብሎ የተደነገገ ነው፤ በዋጋ ንረት እየተሰላ አሁን ከዚያም አልፏል። በፊት መንግሥት በእያንዳንዱ ሒሳብ ይቆጥር ነበር። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሩማኒያ ይኖር በነበረ ቢትነር በሚባል ሰው ጉዳይ ቅጣቱ በመግለጫ እንጂ በሒሳብ አይቆጠርም ብሎ ወሰነ። ሰውዬው 2.72 ሚሊዮን ዶላር ተጠይቆ ነበር፤ ወደ 50,000 ወረደለት።

በ2010 የወጣው ፋትካ የሚባለው ሕግ ደግሞ ውጭ አገር ያለ የገንዘብ ሀብት የሚገለጽበት ሌላ ቅጽ ጨምሯል፤ 8938 ይባላል። ውጭ ለሚኖር ላላገባ ሰው ገደቡ በዓመቱ መጨረሻ 200,000 ዶላር ስለሆነ ብዙዎቻችንን አይነካም። ሕጉ የወጣው ስዊዘርላንድ ገንዘባቸውን የደበቁ ባለጸጎችን ለመያዝ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉሃል እንዲህ ነው።

እኔ የእድሩን ፊርማ አስረከብኩ። እሑድ በስብሰባው ተነስቼ ምክንያቱን ሳስረዳ ሊቀ መንበሩ «አሜሪካ የእኛን ድንኳን ምን ትሠራበታለች?» አሉ። ቤቱ ሳቀ። መልስ አልነበረኝም።

«ሚስቴ አሜሪካዊ አይደለችም፣ ላጤ ብዬ ልሙላ»

አይሆንም። ያገባ ሰው ያገባ ነው፣ ሚስቱ ጎንደሬም ብትሆን። ለየብቻ ብሎ የሚያሳውቅ ባለትዳር የማሳወቅ ግዴታው የሚጀምረው ከ5 ዶላር ገቢ ነው። አምስት! የሚያሳድገው ልጅ ያለው በተሻለ ምድብ መሙላት የሚችልበት ሁኔታ ስላለ ጠይቁ። ስለ ልጅ ካነሳን፦ 2555 የሞላ ሰው ለልጅ ተመላሽ የሚሆነውን ገንዘብ አያገኝም። ልጆች ያሏችሁ ከመቸኮላችሁ በፊት በ1116ም አስልታችሁ እዩት።

«ግሪን ካርዴ ጊዜው አልፏል»

ካርዱ ጊዜው ያልፋል፤ ግዴታው አብሮ አያልፍም። ቅጽ አይ-407 ሞልቶ በወጉ ያልመለሰ ሰው ለግብር እንደ ነዋሪ መታየቱ ይቀጥላል። እዚያ ተወልደው በሁለት ዓመታቸው የመጡ ልጆችም ዜጎች ናቸው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተምራ፣ ተመርቃ፣ ደመወዝ የጀመረች ልጅ ይህን ላታውቅ ትችላለች። ወላጅ ይንገራት።

የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃዳቸውን እያደሱ፣ ድምፅ መስጫ ላይም ተመዝግበው የሚኖሩ አሉ። ክፍለ ግዛቱ ገና ነዋሪዬ ነህ ሊል ይችላል። ይህም ሌላ ግብር ነው።

«ሰኔ ድረስ ጊዜ አለ»

አለ። ውጭ የሚኖር ሰው ከሚያዝያ 7 ወደ ሰኔ 8 ይገፋለታል፤ ከጠየቀ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ። የሚከፍለው ካለ ግን ወለዱ ከሚያዝያ ጀምሮ ይቆጥራል።

«ጆሮ ዳባ ልበስ»

ጋሼ የመረጡት ይህንን ነበር። ሌላው ደግሞ ተናዶ «ፓስፖርታቸውን ልመልስላቸው» ይላል። ዜግነት ሲመለስ ያለፉትን አምስት ዓመታት ግብር በትክክል አሳውቄያለሁ ብሎ ማረጋገጥ አለ። ያላረጋገጠ ሰው ሀብት ባይኖረውም ሀብታሞቹ የሚገቡበት የመውጫ ግብር ሥርዓት ውስጥ ይገባል። ዝም ማለትም አያዋጣም። በ2015 የወጣ ሕግ ትልቅ የግብር ዕዳ ያለበትን ሰው ፓስፖርት ያስከለክላል። መነሻው 50,000 ዶላር ነበር፤ በየዓመቱ ከፍ ይላል። በዚያ ፓስፖርት ላይ ቢጫ ካርድ ይዞ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆን ብሎ ላልደበቀ፣ ውጭ ለሚኖር ሰው በር አለ። ያለፉትን የ3 ዓመት ግብርና የ6 ዓመት ኤፍባር አስገብቶ፣ በቅጽ 14653 ለምን እንዳላሳወቀ ይጽፋል። ቅጣት የለውም፤ ግብርና ወለድ ካለ ብቻ ይከፍላል። እነሱ ቀድመው ምርመራ ከከፈቱ ግን በሩ ይዘጋል። እዚያ ቅጽ ላይ ያለው ስህተት ከሌላ ሰው የተቀዳ አንድ መስመር መጻፍ ነው። መቼ እንደወጣችሁ፣ ማን ምን እንዳላችሁ፣ መቼ እንዳወቃችሁ፣ በራሳችሁ ቃል ጻፉት። የእኔን የመጀመሪያ ማሳወቂያ የሠራው ሰው አሁንም አሜሪካ እንደምኖር አድርጎ ነበር የሞላው። ሳላነበው ፈረምኩ። እሱንም ጻፍኩት።

ጋሼን ይዤ ባንክ የሄድኩት በየካቲት ነው። ለኤፍባሩ የስድስት ዓመት ስቴትመንት ጠየቁ። የመስኮቱ ልጅ ወረቀቱን እያተመ ቀና ብሎ አያቸውና፣ «ጋሼ፣ ቪዛ ሊጠይቁ ነው?» አላቸው።

«የለም ልጄ፣ ጨርሼ መምጣቴ ነው» አሉት።

አልገባውም። ማህተሙን ግን ስድስቱም ላይ መታላቸው።