ከደብረ ብርሃን እስከ ናሚቢያ፦ ትልልቅ አውሬ በቀስት ለማደን የሚደረግ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል

በቀስት ለማደን ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ዕቅዱን የሚጀምረው ከአገር ምርጫና ከትኬት ዋጋ ነው። እኔ ግን ከሰሜን ሸዋ ተነሥተው ወደ ናሚቢያ ወይም ወደ ደቡብ አፍሪካ ለማቅናት ለሚያስቡ ሁሉ የምመክረው፣ ዕቅዳቸውን ፍላጻው ከአውታሩ ከሚለቀቅበት ቅጽበት እንዲጀምሩ ነው። በብርድ ጠዋት፣ ለረጅም ሰዓት ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ፣ በመጀመሪያዋ ፍላጻ፣ መዳፍ የሚያህል ዒላማ ሳይስቱ የሚመቱት ከስንት ሜትር ነው? መልሱ 20 ሜትር ከሆነ ጉዞው በ20 ሜትር ልክ ይታቀዳል፤ የሚኬድበት አገር፣ ወሩ፣ የሚታደንበት ስፍራና የሚፈረመው ውል ሁሉ ያንን ቁጥር ተከትለው ይመጣሉ።

ርቀትን ማሳጠር እንደ ድክመት መቆጠር የለበትም። ከከተማ ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ ከ50 ሜትር ደጋግሞ መምታት ይቻላል፤ ጭድ ግን ድምፅ ሰምቶ አይደነግጥም። በሴኮንድ 79 ሜትር የምትጓዝ ፍላጻ 25 ሜትር ለመሄድ ከአንድ ሴኮንድ ሲሶ ጥቂት ያነሰ ጊዜ ሲፈጅባት፣ የአውታሩ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ፍላጻዋ የመንገዷን ሩብ ሳትጨርስ እንስሳው ጆሮ ይደርሳል። ኢምፓላን የመሰለ ንቁ እንስሳ በምትቀረው ጊዜ ለመፈትለክ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ይላል፤ ሳንባውን ያለመችው ፍላጻም ወይ ከጀርባው በላይ ታልፋለች፣ ወይ ይባስ ብሎ ወገቡ ላይ ትሰካለች። በዚህ ምክንያት ሜዳ ላይ የቱንም ያህል ጎበዝ ብንሆን፣ በአደን ጊዜ ከ25 ሜትር ባናልፍ እመርጣለሁ።

ለልምምዱ የእኛ አገር ደጋ የሚመች ስፍራ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ በደቡባዊው አፍሪካ የክረምት ንጋት የሚጠብቀንን ብርድ አስቀድሞ ያለማምደናል። ከኋላው የአፈር ቁልል ያለው፣ እረኞችና መንገደኞች የማያልፉበት ቦታ ተመርጦ ለቀበሌው አስተዳደር አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ቀስት ይዞ በየሜዳው የሚንቀሳቀስ ሰው ሌላውን ማስደንገጡ አይቀርምና። የመንዝን ጓሳ ግን ማንም ለዚህ ዓላማ አይመኘው። ሕዝቡ ለዘመናት ቄሮ በተባለ የጋራ መሬት ጥበቃ ሥርዓት ጠብቆ ያቆየው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ስፍራ ስለሆነ ቀስት ይዞ መግባት ቀርቶ ማሰቡም ነውር ነው።

ልምምዱ ቆሞ ብቻ መሆን የለበትም። በናሚቢያም ሆነ በደቡብ አፍሪካ በቀስት የሚታደነው በአብዛኛው ውኃ ዳር በተሠራ ማድፈጫ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ስለዚህ ዝቅ ያለ በርጩማ ወይም ዱካ ወደ ሜዳው ይውሰዱ፤ ወፍራም ጃኬትዎን እንደ ለበሱ ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ ይቀመጡ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ቀስቱን ስበው አንዲት ፍላጻ ብቻ ለቀው ወደ ቤትዎ ይመለሱ። ትከሻ በብርድ ሲተሳሰር ለመሳብ 70 ፓውንድ (32 ኪሎ ገደማ) ጉልበት የሚጠይቅ ቀስት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ክንድ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የቀስቱን ጉልበት ወደ 60 ፓውንድ መቀነስ ይሻላል። የየዕለቱ የመጀመሪያ ፍላጻ የት እንዳረፈች በደብተር ይመዝገብ፤ በአደን ላይ ሁለተኛ ዕድል እምብዛም ስለማይገኝ፣ ችሎታዎን የሚነግርዎ የሠላሳኛዋ ሳይሆን የዚህችኛዋ መዝገብ ነው።

ቀጥሎ የሚጠናው የእንስሳው አካል ሲሆን፣ ለዚህ ከቅርጫ የተሻለ ትምህርት ቤት አላገኘሁም። አንድ ዓመት ለፋሲካ በታረደ በሬ ላይ አራጁ ሽማግሌ ወርቹን ከመገንጠላቸው በፊት ጥቂት እንዲታገሡኝ ለምኜ፣ የፍላጻ ዘንግ ይዤ ልብና ሳንባው ያሉበትን ቦታ ለመገመት ሞከርኩ። እኔ ከወርቹ በስተኋላ፣ ጎድኑ መካከል ላይ ሳመለክት ሽማግሌው እጄን ይዘው ወደ ታችና ወደ ፊት እየጎተቱ፣ «እዚያማ ወደ ጨጓራው ነው፤ ልቡ እዚህ ነው ልጄ፣ ከክርኑ አጠገብ፣ ከፍርምባው በላይ» አሉኝ። አጋዘንና ሳላም እንደዚሁ ናቸው፤ ልባቸው ዝቅ ብሎ በፊት እግሮቻቸው መካከል፣ ሳንባቸውም ከዚያ በላይ ከትከሻው ሥር ይገኛል። እንስሳው በጎኑ ሲቆም የፊት እግሩን መስመር ተከትሎ ወደ ላይ መውጣትና ከደረቱ ግርጌ የቁመቱ ሲሶ ላይ ሲደርሱ ማለም ይገባል። ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ ወይም ሰያፍ ሆኖ ወደ እኛ የቆመ ከሆነ ቀስቱ አይሳብም፤ ጎኑን እስኪሰጥ ይጠበቃል።

የመሣሪያው ምርጫ የሚወሰነው በሕግም ጭምር ነው። ናሚቢያ በቀስት ለማደን የምትጠይቀው የፍላጻ ጉልበት ለትንንሽ እንስሳት 25፣ ለመካከለኞቹ 40፣ እንደ አጋዘንና ሳላ ላሉት ትልልቆቹ ደግሞ 65 ፉት ፓውንድ (ፍላጻዋ የምትመታበት ኃይል መለኪያ) ሲሆን፣ ለነዚህ የመጨረሻዎቹ የፍላጻዋ ክብደት ከ450 ግሬን (29 ግራም ገደማ) ማነስ የለበትም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የፍላጻዋን ፍጥነት በሴኮንድ በፉት ወስዶ በራሱ ማባዛት፣ ውጤቱን በክብደቷ በግሬን ማባዛት፣ ከዚያም ለ450,240 ማካፈል ነው። በሴኮንድ 260 ፉት የምትሄድ 450 ግሬን ፍላጻ 67.5 ገደማ ስለምትሰጥ ሕጉን ታልፋለች፤ ይሁን እንጂ ልዩነቱ ጠባብ በመሆኑ ከፍጥነት ይልቅ ክብደት መጨመር ይመረጣል። ከባድ ፍላጻ አጥንት ላይ ጽናት አላት፣ የአውታሩንም ድምፅ ትቀንሳለች። ጫፏ ላይ የሚታሰረው ስለት የማይታጠፍና የማይዘረጋ፣ የክንድ ፀጉር የሚላጭ ያህል የተሳለ ይሁን። በዚያው አገር ሕግ ዝሆን፣ አውራሪስ፣ ጎሽ፣ አንበሳና ነብር በቀስት አይታደኑም፤ የሌሊት አደንም ክልክል ነው። በደቡብ አፍሪካ ደንቡ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ስለሚለያይ፣ የሚሄዱበትን የአንዱን ክፍለ ሀገር ደንብ በጽሑፍ እንዲልኩልዎ አስጎብኚውን ይጠይቁ።

ወሩን ስንመርጥ የሁለት አገር አየርና የራሳችን የጾም አቆጣጠር አብረው መታየት አለባቸው። በናሚቢያ የአደን ወቅት ከጥር 24 እስከ ኅዳር 21 ቀን ክፍት ቢሆንም፣ ለቀስተኛ የሚመቸው ምድሩ ደርቆ እንስሳው ወደ ውኃ ለመምጣት የሚገደድበት፣ እኛ ጋ ክረምቱ የሚገባበት ጊዜ ነው። የሰኔ ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5፣ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ቀን ስለሆነ፣ በመካከል ያሉት ሳምንታት ረቡዕና ዓርብን ሳይጨምር ለጿሚ አዳኝ ክፍት ናቸው፤ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ እስከ ጳጉሜን ያለው ጊዜም ይበልጥ ደረቅ በመሆኑ ያማረ ሲሆን እንቁጣጣሽን ቤት ለመዋል ያደርሳል። በአደን ካምፕ ማዕዱ ሁልጊዜ ሥጋ ነው ማለት ይቻላል። ከርከሮና የሜዳ አህያ ለኦርቶዶክስ ምእመን ምግብ አይሆኑም፤ አጋዘንና ሳላ ሰኮናቸው የተሰነጠቀና የሚያመሰኩ ቢሆኑም፣ በፍላጻ የወደቀን እንስሳ ስለመብላት ከመሄድ በፊት የነፍስ አባትን ማማከር ተገቢ ነው። የይፋት ሙስሊም ወንድሞቻችንም ፍላጻው ሲለቀቅ ስለሚባለው ቢስሚላህና ስለ ሌላው ሥርዓት ከሼሃቸው ጋር ቢነጋገሩ ካምፕ ደርሶ ከመጨነቅ ይድናሉ። ጾም የሚይዝዎ ከሆነ ሽሮና በርበሬ ይዘው ለመሄድ ቢያስቡ እንኳ ምግብ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ውሉ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የተጎዳሁት በዚህ ነውና። በመጀመሪያው ጉዞዬ የላኩት ቀብድ ከደረሰ በኋላ ነበር ማድፈጫው ለማን እንደተሠራ መጠየቅ የሚገባኝ እንደነበር የገባኝ። ስደርስ ከውኃው 70 ሜትር የሚርቅ፣ ለጠመንጃ የተሠራ ማማ ላይ አስቀመጡኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሳላዎቹ መጥተው ሲጠጡ ቀስቴን ጭኔ ላይ አድርጌ ከማየት ሌላ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ስለዚህ ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ማድፈጫው ከውኃው በስንት ሜትር ላይ እንዳለ፣ ውስጡ ጨለማ መሆኑን፣ መስኮቱ ተቀምጦ ቀስት ለመሳብ መብቃቱን በፎቶግራፍ ጭምር እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። አብሮዎ የሚወጣው ባለሙያ አዳኝ ለቀስት አደን የተመዘገበ መሆኑም ይረጋገጥ። የዕለት ክፍያና በየእንስሳው የሚታሰበው ክፍያ ተለያይተው ይጻፉ፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርሰው መኪናና የቆዳና የቀንድ ዝግጅት በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖራቸውም እንደዚሁ። በሁለቱም አገሮች የተለመደው ደንብ፣ የደማ እንስሳ ባይገኝም እንደ ተገደለ ተቆጥሮ ሙሉ ዋጋው ይከፈላል የሚል ነው፤ እኔም ደንቡን ትክክል ነው እላለሁ። ቀብዱ በውጭ ምንዛሪ የሚላክ ስለሆነ ባንክዎ ምን ሰነድ እንደሚፈልግ ከመፈረምዎ በፊት ይወቁ።

የጉዞ ወረቀቱ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሁለቱም አገሮች ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ስለሚጠይቁ ጥያቄው ወራት ቀደም ብሎ ይጀመር። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ በመሆኗ የክትባቱ ካርድ በመግቢያው ላይ ይፈለጋል፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፣ አንዴ ከተወሰደም ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ደገኛ ለወባ እንግዳ ስለሆነ፣ ወደ ሰሜናዊ ናሚቢያ ወይም ወደ ደቡብ አፍሪካው ሊምፖፖ ቆላ የሚሄድ ሰው ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ያማክር። ቀስቱ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ ሆኖ በሻንጣ ክፍል ይጫናል፤ ስለቶቹ ከዘንጉ ተፈትተው ለብቻቸው ይታሸጋሉ፣ በእጅ ሻንጣም አይያዙም። ሲወጡ ቀስቱን በጉምሩክ በጽሑፍ ማስመዝገብ ሲመለሱ አዲስ ዕቃ ተብሎ ቀረጥ እንዳይጠየቅበት ይረዳል። ቀንድና ቆዳ ለማምጣት ያሰበ ደግሞ ኢትዮጵያ የሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን የሚቆጣጠረው ስምምነት አባል መሆኗን አውቆ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና ለእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ከመሄዱ በፊት ጉዳዩን ያቅርብ። አጋዘንና ሳላ በስምምነቱ ዝርዝር ውስጥ ባይገኙም የናሚቢያ ተራራ የሜዳ አህያ ግን አለችበት።

ለልብስ የሚጨነቁ ብዙ ናቸው፤ ጥቁር ልብስ ወይም ሌላ ደማቅ ያልሆነ ልብስ በቂ ነው። ጋቢ ለካምፑ ማታ ድንቅ ነው፣ ማድፈጫ ውስጥ ግን ንጣቱ ከመስኮቱ ሾልኮ ስለሚታይ አይግባ። ትርፍ አውታርና ትርፍ የአውታር መልቀቂያ ይያዙ። የማነጣጠሪያውን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አድርገው ይነሡ፤ ካምፕ እንደ ደረሱም፣ ምልክቱ ቢያዝም ባይያዝም፣ በ20 ሜትር ላይ ሦስት ፍላጻ ወርውረው ያረጋግጡ።

ፍላጻው ከተለቀቀ በኋላ መቸኮል ትልቁ ጥፋት ነው። እንስሳው ወዴት እንደ ሮጠና መጨረሻ ላይ የት ዛፍ ጋ እንደ ታየ ልብ ይበሉ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። ደሙ አረፋ ያለውና ደማቅ ከሆነ ሳንባ ተመትቷል፤ ጠቆር ያለ ከሆነ ጉበት ሊሆን ስለሚችል ጊዜው ይረዝማል፤ ፍላጻዋ ላይ አረንጓዴ ነገርና የፈርስ ሽታ ካለ ግን ብዙ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ተከታትለው ቢያስነሡት ርቆ ሄዶ ይጠፋልና። ፍለጋውን ዱካ የሚያነበው የአገሩ ሰው ይምራ፣ እርስዎ ከኋላው ሆነው የመጨረሻው የደም ጠብታ ያለበትን ቦታ በቅጠል ወይም በጨርቅ ምልክት እያደረጉ ይከተሉ። እስኪመሽ ካልተገኘ ሌላ እንስሳ ላይ ሳያነጣጥሩ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ መጨረሻው ምልክት ይመለሱና፣ ረፋድ ላይ ጥንብ አንሣዎች የሚያንዣብቡበትን አቅጣጫ እያዩ ፍለጋውን ይቀጥሉ።