«ያኔ በሬዲዮ…» ከማለታችን በፊት፦ የድሮ ሬዲዮ ወዳጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አጎቴ የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ሲያወሩ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፈችበት የፍጻሜ ጨዋታ ነው። «ጎረቤት ቤት ተሰብስበን በቴሌቪዥን ነው ያየነው። ጃንሆይ ዋንጫውን ሲሰጡ በዓይኔ አይቻለሁ!» ይላሉ።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ጨዋታው የተካሄደው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ሦስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

አጎቴ ውሸታም አይደሉም። ጎረቤት ቤት ተሰብስበዋል፣ ጨዋታውንም ተከታትለዋል። ግን በሬዲዮ ነው። ጆሯቸው የሰማውን፣ ዓይናቸው ከዓመታት በኋላ ያየው ፎቶ ሞላበት። የድሮ ሬዲዮ ወዳጆች ቡና ላይ ስንገናኝ የሚያጨቃጭቀን በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ድምፁን አንረሳም። የምንስተው ዓመቱን፣ ሰዓቱን፣ ጣቢያውን ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ስቻለሁ፤ አንዱን ስህተቴን ወደ ታች እናዘዛለሁ።

«8 ቀንስና ጨርስ» ማለት

የፈረንጅ ዓመት ሲነገረን ሁላችንም 8 እንቀንሳለን። ከጥር እስከ ጳጉሜ ያስኬዳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ግን የሚቀነሰው 7 ነው።

በፈረንጆች 1960 የሆኑ ሁለት ነገሮችን እንውሰድ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን ነው፤ በአዲስ ዓመት ዋዜማ። በእኛ አቆጣጠር ገና 1952 ነበር። የታኅሣሥ ግርግር የተነሳውና አልጋ ወራሹ በሬዲዮ መግለጫ ያነበቡት ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ 1953 ገብቷል። ፈረንጁ «ሁለቱም 1960» ይላል፣ ልክ ነው። ሁለቱንም 1952 ያለ ሰው ግን መፈንቅለ መንግሥቱን በአንድ ዓመት አሳስቶታል። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር፣ የግርግሩ መሪ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይም የክብር ዘበኛ አዛዥ ስለነበሩ ደግሞ ወሬው በቀላሉ ይደባለቃል። «አበበ ያሸነፈ ሰሞን ነው ሬዲዮው መግለጫ ያነበበው» የሚል ሰው ብዙም አልራቀም፤ ዓመቱን ሲጽፍ ነው የሚሳሳተው።

ከዚህ የሚብሰው «በ60ዎቹ» የሚለው ቃል ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «በ60ዎቹ» ሲል የተማሪ ሰልፍ፣ አብዮት፣ ቀይ ሽብር ነው የሚታየው። አሜሪካ ያደገች የእህቱ ልጅ «ሲክስቲስ» ብላ ትተረጉመውና ጃንሆይ ዙፋን ላይ እንዳሉ ታስባለች። ሁለቱ ስለ አንድ የሬዲዮ ድራማ አንድ ሰዓት ሊከራከሩ ይችላሉ፤ ሁለቱም ልክ ሆነው። ስለዚህ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መጻፍ አይሰልቸን።

ሰዓቱን መርሳት

ይሄ አጭር ነው። የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ አገር ቤት የሚሰማው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነበር። ፈረንጁ ይህንኑ ሰዓት 9 ይለዋል። ዋሽንግተን ያለ ሰው ደግሞ በራሱ ሰዓት ቆጥሮ ከቀትር በኋላ 1 ወይም 2 ይላል፤ እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ ቁጥሩ ይቀያየራል። «አባቴ 9 ሰዓት ላይ ቪኦኤ ይሰማ ነበር» የሚል ትዝታ ስታነቡ፣ አባትየው ከሥራ ቀርተው ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ላይ የተጣዱ እንዳይመስላችሁ።

ጣቢያዎችን መደባለቅ

ብዙ ጊዜ የሚበደለው ብስራተ ወንጌል ነው። በሉተራውያን የዓለም ፌዴሬሽን አማካይነት አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመ፣ በ1955 ዓ.ም. ስርጭት የጀመረ ጣቢያ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በብዙ ቋንቋ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ያሰራጭ ነበር። ስሙን የሚሰማ ወጣት «ስብከት ብቻ የሚያሰማ ጣቢያ» ይመስለዋል። አልነበረም። አብዛኛው ጊዜው ለዜና፣ ለትምህርትና ለማኅበራዊ ጉዳይ ነበር፤ ስብከቱ ትንሹ ክፍል ነው። ቤተ ክርስቲያን የማይስሙ ሰዎች ጭምር ለዜናው ሲሉ የሚከፍቱት ለዚህ ነው።

ደርግ ጣቢያውን የወረሰው መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በዚያው መሣሪያ የሚሰማው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። እንግዲህ አንድ ሰው «በደርግ ጊዜ ብስራተ ወንጌል ላይ የሰማሁት» ካለ ሊሆን የሚችለው ከመስከረም 1967 እስከ መጋቢት 1969 ባለው ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ብቻ ነው። ይህን ሳውቅ ደስ ብሎኝ ነበር። ዓመቱ የጠፋበት ትዝታ በዚህች ጠባብ በር ካለፈ፣ ዓመቱ ራሱ ብቅ ይላል ማለት ነው።

የጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅንም የሚያምታቱ አሉ። የጀርመኑ አማርኛ የተጀመረው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፣ የአሜሪካው በ1982 እ.ኤ.አ.። ስለዚህ በጃንሆይ ዘመን በአማርኛ የሰማችሁት የውጭ ጣቢያ የአሜሪካ ድምፅ ሊሆን አይችልም።

ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ካሴት አንድ ሲሆኑ

አባባ ተስፋዬን «በሬዲዮ እሰማቸው ነበር» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» የሚሉን ግን ከቴሌቪዥን ነበር። ቴሌቪዥን ያልነበረው ልጅ በጎረቤት መስኮት ስር ቆሞ ድምፃቸውን ብቻ ሰምቶ ይሆናል፤ ይሄ ሲሆን ግን ትዝታው ይበልጥ ቆንጆ ነው፣ እንደዚያው ይጻፍ!

ሌላው የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ነው። ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው የሰማ ሰው፣ ጉዱ ካሳ ሲነሳበት የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። እዚህ ሁለት ስህተት አለ። አንደኛው መጽሐፉ የታተመበትን 1958 ዓ.ም. የትረካው ዓመት አድርጎ መጻፍ። ትረካው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ የመጣ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «በሬዲዮ ሰማሁት» የሚለው ራሱ ነው። ትረካው በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል፣ በሲዲ ወጥቷል፣ አሁን ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። የ30 ዓመት ሰው «በልጅነቴ ሬዲዮ ላይ» ሲል መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ሬዲዮ ላይ ወይስ ታክሲ ውስጥ ካሴት ላይ? ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በሬዲዮ የሰማው ሰው ቀጣዩ ክፍል እስኪተላለፍ ጠብቋል፤ በካሴት የሰማው አልጠበቀም።

«በቀጥታ ሰማሁት» ማለት

እዚህ ላይ ከአሜሪካ አንድ ነገር ልዋስ። በ1937 እ.ኤ.አ. ሂንደንበርግ የተባለው ትልቅ የጀርመን አየር መርከብ ኒው ጀርሲ ላይ ሲቃጠል፣ ኸርበርት ሞሪሰን የተባለ የቺካጎ ሬዲዮ ጋዜጠኛ እያለቀሰ ሲዘግብ የሚሰማበት ቅጂ አለ። ብዙ አሜሪካውያን «ያንን ምሽት በቀጥታ ሰምተነዋል» ይላሉ። ሞሪሰን ግን በቀጥታ አላሰራጨም። ሸክላ ላይ ቀድቶት ነው፣ የተሰማውም በማግስቱ ነው። ያ ሲቃ የሞላው ቀጭን ድምፅ እንኳ በከፊል የመቅጃው ፍጥነት ያመጣው ነው፤ የሰውዬው ድምፅ በተፈጥሮው ወፈር ያለ ነበር።

የእኛም ትዝታ እንዲሁ ነው። ትልልቅ ድምፆች በየዓመቱ በዓሉ ሲመጣ ይደገማሉ። አሥር ጊዜ የተደገመውን ያዳመጠ ልጅ የመጀመሪያውን የሰማ ይመስለዋል።

«መላው አገር ይሰማው ነበር»

በፍጹም። ሬዲዮ ያለው ሰው በሰፈር ይታወቅ ነበር። ሬዲዮው ዳንቴል ለብሶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ ልጅ አይነካውም። ባትሪ ድንጋይ ውድ ነበር። የደከመው ድንጋይ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፤ ለዜና ይቆጠባል፣ ለዘፈን አይባክንም። «መላው አገር» የምንለው ብዙ ጊዜ «እኛ ሰፈር፣ ሬዲዮ ያላቸው ሰውዬ ግቢ» ማለት ነው። እንደዚያ ብንጽፈው ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል።

የአጭር ሞገዱንም ነገር አንርሳ። ማታ ጥርት ብሎ የገባው ጣቢያ ቀን የለም። በዜናው መሐል ድምፁ እንደ ባሕር ማዕበል ይሄድና ይመለሳል፤ ከሰማይ ከፍታ ላይ ነጥሮ ስለሚመጣ ነው። ስለዚህ ሁለት ወንድማማቾች አንዱን ዜና ለየብቻ ሰምተው የተለያየ ነገር ቢያወሩ፣ አንዱ ውሸታም ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ግማሹ ዓረፍተ ነገር ማዕበሉ ውስጥ ቀርቶ ነው።

የእኔ ጥፋት፦ ማስታወቂያውን መቁረጥ

አባቴ ከሬዲዮ የቀዳው አንድ ካሴት ነበረው። ድራማ ነው። ወደ ኮምፒውተር ስገለብጠው «ንጹሕ» ላድርገው ብዬ ከፊቱ ያለውን የዜና ጭራፊ፣ መሐል የገባውን ማስታወቂያና መጨረሻ ላይ ጋዜጠኛዋ ሰዓቱን የምትናገርበትን ቆርጬ ጣልኩ። ከዚያ ካሴቱን ለዘፈን ተጠቀምኩበት። አዎ፣ ላዩ ላይ ቀዳሁበት።

ከዓመታት በኋላ ድራማው መቼ እንደተላለፈ ክርክር ተነሳ። መልሱ ያለው እኔ በጣልኩት ውስጥ ነበር። ድራማ ዓመቱን አይናገርም፤ ዜናው ግን የሚኒስትሩን ስም ይጠራል፣ ማስታወቂያው ዋጋ ይናገራል፣ ጋዜጠኛዋ «ዛሬ ማክሰኞ» ትላለች። ለድሮ ሬዲዮ ወዳጅ ወርቁ ያ ነው።

ካሴት እቤታችሁ ካለ እንግዲህ፦ ከመጀመሪያው «ሽሽሽ» እስከ መጨረሻው ድረስ ሳትቆርጡ ገልብጡት፤ ማሳመሩን ከፈለጋችሁ በሌላ ቅጂ ላይ። ከማጫወታችሁ በፊት በካሴቱ ጫፍ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ ያኔ ማንም ተሳስቶ ላዩ ላይ አይቀዳም። ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈውን፣ የተሳሳተ ቢሆን እንኳ፣ ፎቶ አንሱት። ድምፁ የቀጠነ ወይም የወፈረ ከመሰላችሁ ተራኪውን ከመጠርጠር በፊት ማጫወቻውን ጠርጥሩ።

ቅርቡን ማስረዘም

ስለ «የቀን ቅኝት» ድራማ «አሥር ዓመት ሙሉ ተከታትያለሁ» ያለኝ ሰው አለ። 257 ክፍል ነበረው፤ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ነው የተላለፈው፤ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ። ደስ ያለን ነገር ሁልጊዜ ይረዝማል። ይሄን ማረም ብዙ አያጣላም።

አረጋውያንን «ተሳስተዋል» ማለት

የሚያጣላው ይሄ ነው። መጀመሪያ ላይ አጎቴን ፊት ለፊት «ጋሼ፣ ያኔ ቴሌቪዥን አልነበረም እኮ» አልኳቸው። ኮስተር ብለው ወሬውን ዘጉት። ሁለት ወር ሙሉ ስለ ኳስ አላወሩኝም።

ዓመት መጠየቅም አያዋጣም። ሰው ዓመት አያስታውስም፤ ቢጠየቅ ግን ይገምታል፣ ከዚያ ግምቱ ሐቅ ይሆናል። የሚሻለው ዙሪያውን መጠየቅ ነው። ያኔ የት ቤት ነበራችሁ? ታናሽዎ ተወልዶ ነበር? ትምህርት ስንተኛ ነበሩ? ኤሌክትሪክ ገብቶ ነበር ወይስ በባትሪ ነው? ማን ነበር የሚከፍተው?

በቀደም ለእንቁጣጣሽ ሄጄ እንዲሁ ዞር ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ያን ቀን ስንት ሰው ነበር ጎረቤት ቤት?»

«ኧረ ግቢው ሞልቶ ነበር። ውስጥ አንገባም፤ ሰውዬው ሬዲዮናቸውን መስኮት ላይ አውጥተውት…» አሉና ቆም አሉ። ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ሬዲዮ ነው ለካ!» አሉ እየሳቁ። «አራተኛው ሲገባ እኮ መስኮቱን ተደግፌ ነበር። የሰውዬው ሚስት ‹መስታወቴን!› እያሉ ሲጮሁ ትዝ ይለኛል።»

ስለ መስታወቱ ከዚያ በፊት አንድም ቀን አልነገሩኝም ነበር።