ለልጆችና ለውሾች የሚበቃ መኪና ስትገዙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውሻ ይዛችሁ ታክሲ ለማስቆም ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ሚኒባሱ ገና ከሩቅ ሲያያችሁ ያልፋል። ኮንትራት ታክሲውም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ውሻውን ያይና "ይቅርታ እህቴ፣ ወንበር ያበላሽብኛል" ብሎ ይነዳል። እኛ ቤት ሁለት ልጆች፣ እናቴና ሁለት ውሾች አሉ። መቻል ትልቁ ነው፤ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቡቺ ትንሿ ናት። ባለፈው ክረምት ቡቺ ስትታመም ከቀበና ጀምሬ በዝናብ ታቅፌያት በእግሬ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ቤት ስመለስ ለባለቤቴ "መኪና እንግዛ" አልኩት።

ፍለጋው ሶስት ወር ፈጀ። ብራችን የተቆጠረ ነበር። እኛም ተሳሳትን፣ ሌሎች ሲሳሳቱም አየን። እናንተ እንዳትደግሙት ነው የምጽፈው።

ለቀጣዩ ገዢ መኪና መግዛት

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና እየፈለግኩ ነው ካላችሁ የሁሉም ምክር አንድ ነው፦ "ገበያ ያላትን ግዛ።" ነገ ስትሸጧት የማትከስሩባትን ማለት ነው። ምክሩ ከንቱ አይደለም። እዚህ መኪና ንብረት ነው። ግን በዚህ ብቻ ከሄዳችሁ መጨረሻችሁ ቪትዝ ወይም ዲዛየር ነው። ቪትዝ ጠንካራ መኪና ናት። ነዳጅ ትቆጥባለች፣ መለዋወጫዋ በየቦታው ይገኛል፣ ፒያሳ ጠባብ ቦታ ላይ ሳትቸገሩ ታቆሟታላችሁ። ለባልና ሚስትና ለአንድ ልጅ ትበቃለች። ኋላ ሁለት የልጅ ወንበር ሲታሰር ግን እናቴ የት ትቀመጥ? መቻልስ?

ዲዛየር ደግሞ የኋላ ኮፈኗ 378 ሊትር ይይዛል። ሻንጣ በደንብ ይገባል። ግን ኮፈኑ ከተሳፋሪው ተለይቶ የተዘጋ ነው። አንድ ደላላ መቻልን አይቶ "ኮፈን ውስጥ ይግባ! ለአጭር መንገድ ምን ችግር አለው?" አለን። ችግርማ አለው። ጨለማ ነው፣ ይሞቃል፣ አየር እንደልብ አይገባውም፣ ኋላ የሚገጨን መኪና መጀመሪያ የሚያገኘውም እሱን ነው። ትልቅ ውሻ ያለው ሰው የሚያስፈልገው የኋላ በሯ ከነመስታወቱ የሚከፈት፣ ዕቃ መጫኛዋም ከተሳፋሪው ጋር አንድ አየር የሚጋራ መኪና ነው። ስቴሽን ኮሮላ ትሁን፣ የቆየች ራቭፎር ትሁን፣ ቅርጹ ይህ ይሁን።

ወንበር መቁጠር

"ሰባት ሰው ትይዛለች" ሲባል እኛም ጓጉተን ነበር። ኤርቲጋን የመሰሉት ሶስተኛ ረድፍ አላቸው። ረድፉ ሲዘረጋ ግን ከኋላው የሚቀረው ቦታ አንድ ዘንቢል ቢያስገባ ነው። ውሻ ይዛችሁ ከሆነ ረድፉ ይታጠፋል፤ መኪናዋም ባለ አምስት ወንበር ሆነች ማለት ነው። በተቃራኒው ደግሞ ቢዋይዲ ሲጋል የምትባለው ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና በዋጋዋ የብዙ ሰው ዓይን ትስባለች፤ ወንበሯ ግን አራት ብቻ ነው። ይህን ቀብድ ከፍሎ ያወቀ ሰው አውቃለሁ።

የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የልጅ ወንበር ስፋቱ 45 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። ሶስት ጎን ለጎን 135 ሳንቲሜትር ሆነ። አብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ኋላቸው ይህን ያህል ስፋት የላቸውም። ቀጥሎ እጃችሁን በመቀመጫውና በመደገፊያው መሃል ስደዱት። ሁለት የብረት ቀለበቶች ካገኛችሁ አይሶፊክስ ናቸው፤ የልጅ ወንበር እነሱ ላይ ይቆለፋል። ከሌሉ በቀበቶ ይታሰራል፣ ስለዚህ ቀበቶውን ስባችሁ ሞክሩት። የመሃሉ ቀበቶ ወገብ ብቻ የሚያስር ነው ወይስ ትከሻም ይይዛል? እኛ ካየናቸው መኪኖች መካከል የኋላ ቀበቶዋ ሰው ሳይነካው መቀመጫው ስር የተቀበረባት አንዷ ነበረች።

ጭን ላይ ማስቀመጥ

እዚህ ላይ ልማዳችን ያሳዝነኛል። ሕፃን ታቅፎ የፊት ወንበር ላይ መቀመጥ እንደ ፍቅር ነው የሚታየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ መጋጨት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። ከኮንዶሚኒየም ሶስተኛ ፎቅ ማለት ነው። ያንን ኃይል የየትኛዋም እናት ክንድ አይችለውም። ኤርባጉ፣ ማለትም ሲጋጩ በድንገት የሚነፋው ከረጢት፣ ሲፈነዳ ደግሞ ልጁን በእናቱ ደረት ላይ ይጨፈልቀዋል። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥ ሕፃንም ኤርባጉ ክፍት በሆነ የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም። የልጅ ቦታ ኋላ ነው። የልጅ ወንበር ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር ከመጀመሪያው አብሮ ይታሰብ።

ስለ ኤርባግ ካነሳን፦ ቪትዝ ለጃፓን ገበያ የተሰራች ስለሆነች ስትሰራ መሪዋ በቀኝ ነበር። ወደ ግራ ሲዛወር ዳሽቦርዱ ተፈቷል። ኤርባጉ በትክክል ተመልሶ ይሁን አይሁን መካኒክ ይይላችሁ።

ውሻን እንደ ዕቃ ማሰብ

ያልታሰረ 30 ኪሎ ውሻ ፍሬን ሲያዝ ወደ ልጆቹ ጭንቅላት ይወረወራል። ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ከቀበቶው ጋር አያይዙለት፤ አንገቱ ላይ አትሰሩት። ኋላ የሚጫን ከሆነ በመቀመጫውና በእሱ መሃል መረብ ይወጠር። ትንንሽ ውሾች ቅርጫት ውስጥ ገብተው ቅርጫቱ ይታሰራል።

"አዲስ አበባ አይሞቅም" ብላችሁም ውሻም ልጅም መኪና ውስጥ ቆልፋችሁ እንዳትወርዱ። ውጭው 22 ዲግሪ ሆኖ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ከ40 ያልፋል። ብዙው የሚሞቀው ደግሞ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። አንድ ቡና ተጠጥቶ እስኪመለስ ድረስ ማለት ነው።

ሜዳ ላይ ብቻ መሞከር

ሻጭ ሲያስነዳችሁ ለጥ ያለ አስፋልት ይመርጣል። መኪናው ውስጥ ያላችሁትም ሁለት ሰዎች ናችሁ። እኛ መጀመሪያ የወደድናት ባለ 1,000 ሲሲ መኪና ከስታዲየም እስከ ለገሃር እንደ ቅቤ ነበር የሄደችው። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ አምስት ሰው ጭነን ስንወጣ ግን በአንደኛ ማርሽ ነበር የምታቃስተው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው የፈረስ ጉልበት ባህር ዳርቻ ላይ ነው የሚሰራው። ስለዚህ ሙሉ ቤተሰብ ጫኑ፣ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ውጡ፣ ሲመለሱ ደግሞ ፍሬኑን አዳምጡ። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይም ስሯ ይነካ እንደሆነ እዩ። ባዶዋን ያልነካች ስትጫን ትነካለች።

ስለ መሰኪያው ሳይጠይቁ ኤሌክትሪክ መግዛት

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። አዲስ የምትሉ ከሆነ እንግዲህ ምርጫው ኤሌክትሪክ ነው። ለቤተሰብ ጥሩ ጎን አለው። ባትሪው ስር ስለሚነጠፍ ወለሉ ለጥ ያለ ነው፣ መሃል የሚቀመጠው ሰው እግሩን ይዘረጋል። ዳገት ላይም የአየሩ መሳሳት አይጎዳውም። ግን ማታ የት ትሰኩታላችሁ? ግቢ ያለው ይሰካል። ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁ ከኮሚቴው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለቻይና ገበያ የተሰሩት ጂቢቲ የሚባል መሰኪያ አላቸው፣ ለአውሮፓ የተሰሩት ሌላ ነው። በቅርባችሁ ያለው ቻርጀር የትኛው እንደሆነ እዩ። በአንድ ቻርጅ ትሄዳለች ተብሎ በቻይና መለኪያ የተጻፈው ኪሎ ሜትርም በተግባር ይቀንሳል፤ ቀንሳችሁ አስቡት።

ቀብድ ማስቀደም

ቀብድ ሰጥቶ ሃሳቡን የቀየረ ሰው ቀብዱን ያጣል፤ ሕጉ ነው። ደላላው "ሌላ ሰው እየመጣ ነው" ሲላችሁ አትደንግጡ። መጀመሪያ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን አጣሩ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥንና ስም ማዛወርን በግልጽ ይበል። ለጎማ፣ ለኢንሹራንስና ለቦሎ የሚሆን ብርም ወደ ጎን ይቀመጥ።

ከዚያ ቤተሰቡን አምጡ። እኛ ራቭፎሯን አራት ኪሎ ያየናት ከአንድ ጡረተኛ ጋር ነበር። "ጋሼ፣ ውሻውንም ላምጣው?" ስላቸው "አምጪው ልጄ፣ እኔም ነበረኝ" አሉኝ። እናቴ ኋላ ገብታ ወጣች፤ ጉልበቷን አላመማትም። የልጆቹ ወንበሮች ታሰሩ። በሯ ወደ ጎን የምትከፈት ስለሆነች ከኋላችን ያለውን ቦታ በእርምጃ ለካን። ልጄ የመኪናዋን ጠርዝ በእጁ መታ መታ አድርጎ መቻልን ጠራው። መቻል ስምንት ዓመቱ ነው፤ የፊት እግሮቹን ጠርዙ ላይ አሳርፎ ቆመ፣ መዝለል አቃተው። ጋሼ ቤት ገብተው የለስላሳ ሳጥን ይዘው መጡ። በሱ ላይ ወጥቶ ገባ፣ አንዴ ዞረና ተኛ። ሳጥኑ እስካሁን መኪናችን ውስጥ አለ።