የመጀመሪያ ዲግሪን በአሜሪካ ለመማር፦ ከማመልከቻው በፊት የገንዘቡ ጉዳይ

ለመጀመሪያ ዲግሪ ወደ አሜሪካ ለመሄድ የሚያስብ የኢትዮጵያ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይቀበለኛል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። መቅደም ያለበት ግን «ተቀብሎ ወጪዬን የሚሸፍንልኝ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። በቅርብ የማውቃት አንዲት ጎበዝ ተማሪ በአንድ ዓመት ከአራት ኮሌጆች የመቀበያ ደብዳቤ ደርሷት ነበር። ከሁሉ የተሻለ ስኮላርሺፕ የሰጣት ኮሌጅ እንኳ በየዓመቱ 23,000 ዶላር ከቤተሰቧ ይጠብቅ ስለነበር፣ አባቷ ደብዳቤዎቹን በላስቲክ ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጧቸው፤ እሷም ሳትሄድ ቀረች።

በታወቁት የግል ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት፣ የመኝታና የምግብ ወጪ ተደምሮ በዓመት ከ80,000 ዶላር በላይ ነው። ይህን የሰማ ቤተሰብ ዋጋው ቀለል ወዳለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማዘንበሉ አይቀርም፤ ሆኖም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የቤተሰብን አቅም መሠረት ያደረገ ድጋፍ ለውጭ አገር ተማሪ እምብዛም ስለማይሰጡ፣ በመጨረሻ ውድ ሆነው የሚገኙት እነሱ ናቸው። የፌዴራል መንግሥቱ የተማሪዎች ድጋፍም ግሪን ካርድ ላለው እንጂ በተማሪ ቪዛ ለሚገባ አይሰጥም። በአንጻሩ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት የውጭ አገር አመልካችን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ ለተቀበሉትም ቤተሰቡ ከሚችለው በላይ ያለውን ወጪ ይሸፍናሉ። ወደ እነዚህ መግባት እጅግ ከባድ ስለሆነ ዝርዝሩ በእነሱ ብቻ መሞላት የለበትም። የተቀበሉትን ተማሪ የገንዘብ ጉድለት በሙሉ የሚሸፍኑ፣ ነገር ግን በምርጫው ጊዜ ተማሪው የሚጠይቀውን የድጋፍ መጠን ከግምት የሚያስገቡ ሌሎች ኮሌጆች አሉ። በኬንታኪ የሚገኘው ቤሪያ ኮሌጅ ደግሞ ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም።

ስለዚህ ተማሪው በእያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጽ ላይ ለውጭ አገር ተማሪዎች የተጻፈውን የገንዘብ ድጋፍ ገጽ ፈልጎ ያንብብ። በማመልከቻው ላይ «ድጋፍ ትፈልጋለህ?» ለሚለው ጥያቄ፣ የመመረጥ ዕድሌን ያሰፋልኛል ብሎ «አልፈልግም» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው፤ በብዙ ኮሌጆች ሲያመለክት ያልጠየቀ የውጭ አገር ተማሪ ኋላ ልጠይቅ ቢል አይፈቀድለትም። «እየሠራ ይማራል» የሚለው የዘመድ አዝማድ ምክርም አያዋጣም። የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው በትምህርት ወቅት መሥራት የሚችለው በግቢው ውስጥ፣ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው፤ ይህ የኪስ ገንዘብ ቢሆን እንጂ የትምህርት ክፍያ አይሆንም።

ዝግጅቱ ከ11ኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቅ ቢጀመር መልካም ነው። ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የተባለው የጋራ ማመልከቻ በየዓመቱ ኦገስት 1 ቀን፣ በእኛ ሐምሌ 25 ይከፈታል፤ በአንድ አካውንት እስከ 20 ኮሌጆች ድረስ ማመልከት ይቻላል። የመደበኛው ዙር ማብቂያ በአብዛኛው በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ማለትም ገና ሲቃረብ ነው። የማመልከቻ ክፍያው ለሚከብደው ተማሪ ነጻ እንዲሆንለት የሚጠይቅበት መንገድ ስላለ፣ ለክፍያው ተብሎ መበደር አያስፈልግም።

ብዙ ሰው እንደ ቀላል የሚያየው፣ ኋላ ግን መዘዝ የሚያመጣው የስምና የቀን ጉዳይ ነው። የእኛ ስም የአባትና የአያት ስም እየተከተለው ስለሚጻፍ፣ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ በአንዱ ማመልከቻ የአባትን፣ በሌላው የአያትን ስም የሞላ ተማሪ ለኮሌጁ ሁለት ሰው ሆኖ ይታያል። ፓስፖርት ቀድሞ ወጥቶ፣ ፈተናውም ትራንስክሪፕቱም ፊደል ሳይዛነፍ በእሱ መሠረት ይጻፍ። በልደት ቀን ላይም ሁልጊዜ ስምንት ዓመት መደመር ያሳስታል። ታኅሣሥ 15 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ልደቱ ዲሴምበር 25 ቀን 2007 ሲሆን፣ ጥር 15 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደው ግን ጃንዋሪ 24 ቀን 2008 ነው።

የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ የሚላከው በኢሜይል በሚደርሳቸው ሊንክ ነው። ኢሜይል ዘወትር የማይከፍት መምህር ሊንኩ ቢላክለትም ላያየው ስለሚችል፣ ተማሪው በአካል ሄዶ፣ መምህሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ አካውንቱን እስኪከፍቱ ድረስ ቢያግዝ ነውር የለውም፤ ደብዳቤውን ራሱ ጽፎ መምህሩን ማስፈረም ግን ማጭበርበር ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ውጤት ትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ በማኅተም ያረጋግጥለት። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ከማመልከቻው ጊዜ በኋላ ስለሚወጣ በኋላ ይላካል።

ፈተናን በተመለከተ፣ ኤስኤቲ የተባለውን የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና የሚጠይቁም የማይጠይቁም ኮሌጆች ስላሉ የየራሳቸውን መመሪያ ማየት ይገባል። ለእንግሊዝኛ ቶፍል፣ አይኤልትስ ወይም ቤት ሆኖ የሚወሰደው የዱኦሊንጎ ፈተና ያገለግላል።

የኮመን አፕ ድርሰት እስከ 650 ቃላት ነው። «አገሬን ለመለወጥ እፈልጋለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በሺዎች ማመልከቻ ውስጥ ይገኛል፤ ከእናቱ ጋር ጉሊት ተቀምጦ ሒሳብ ያሰላ የነበረ ልጅ ስለዚያው ቢጽፍ አንባቢው አይረሳውም።

ብዙ ኮሌጆች የቤተሰብን ገቢ የሚጠይቁት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል በተባለ ቅጽ ነው። ደመወዝተኛ ወላጅ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ያወጣል፤ ገበሬ ወይም ነጋዴ የሆነ ወላጅ ከቀበሌ ወይም ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አጽፎ ያስተረጉመው። እዚህ ላይ ገቢን መደበቅም ማጋነንም ኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

የመደበኛው ዙር መልስ በአብዛኛው እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ይደርሳል፤ ተማሪው ምርጫውን የሚያሳውቀው እስከ ሜይ 1፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 23 ነው። ከዚያ ኮሌጁ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን፣ አይ-20 የተባለውን ሰነድ ይልካል፤ ተማሪው 350 ዶላር የሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ አገር ተማሪዎችን የሚመዘግብበት ሥርዓት) ክፍያና የቪዛውን ክፍያ ከፍሎ አዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ይይዛል። ቀጠሮ ሊዘገይ ስለሚችል አይ-20ው እንደ ደረሰ በዚያው ሳምንት መያዝ ይገባል። በቃለ መጠይቁ ምን እንደሚያጠና፣ ወጪውን ማን እንደሚከፍልና ሲመረቅ ምን ለማድረግ እንዳሰበ በአጭሩ፣ በራሱ አንደበት መመለስ መቻል አለበት፤ አይ-20ው ላይ የተጻፈው የገንዘብ መጠንና የሚናገረው አንድ መሆናቸውን ደግሞ ከቤት ሳይወጣ ያረጋግጥ።