ለትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፦ ከዝናብ መለኪያ የሚወጣ የአየር ንብረት ፕሮግራም

«ውድ አድማጮቻችን፣ የአየር ንብረት ለውጥ የዓለማችን ሥጋት ሆኗል» ብላችሁ ከጀመራችሁ፣ ተማሪው ወሬውን ቀጥሏል። ስለ ግቢው አዲስ ቁጥር ስትነግሩት ግን ጆሮውን ይሰጣል። ቁጥሩን የሚሰጣችሁ በእጃችሁ የሠራችሁት የዝናብ መለኪያ ነው።

ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ወገቡ ያልገባ ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ፈልጉ። አንገቱ ሰፍቶ ጎኑ ቀጥ ማለት ከሚጀምርበት ላይ ቁረጡት። መቀመጫው ወጣ ገባ ስለሆነ ከዚያ መለካት አይቻልም፤ ጠጠር ጨምሩበት፣ እስኪሸፍነው ውሃ ሙሉበትና የውሃው ልክ ላይ በማይለቅ ማርከር አስምሩ። ይህ 0 ነው። ማስመሪያ በፕላስተር ስትለጥፉ 0ው አብዛኛውን ጊዜ ከጠርዙ ገባ ብሎ ስለሚጀምር፣ ከመስመሩ ጋር የምታገጥሙት ጠርዙን ሳይሆን 0ውን ነው። የቆረጣችሁትን አናት ክዳኑን አውጥታችሁ፣ ገልብጣችሁ አፉ ላይ ስኩት።

ከዛፍና ከሕንፃ ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ያህል አርቃችሁ፣ 1 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው እንጨት ላይ እሰሩት። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዓይናችሁን ከውሃው እኩል አድርጋችሁ አንብቡ፣ መዝግቡ፣ እስከ 0 ድረስ ድፉት። ዝናብ በሌለበት ሰሞን ውሃው ተንኖ ከ0 በታች ይወርዳል። ካልሞላችሁት የሚቀጥለው ዝናብ አንሶ ይመዘገባል፤ መዝገብ በቀላሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

«12 ሚሊ ሜትር ዘነበ» ቢባል ማንም ዞር ብሎ አያይም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 8 በ25 ሜትር የሆነ የመማሪያ ክፍሎች ጣሪያ 200 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ በ12 ሚሊ ሜትር 2,400 ሊትር ይወርድበታል። እንግዲህ «ትናንት ከ9ኛ ክፍል ጣሪያ 12 በርሜል ውሃ ወርዶ ቦይ ገባ» በሉ። ባለ 200 ሊትሩን በርሜል ሁሉም ያውቀዋል።

የትናንቱ ዝናብ ግን የአየር ሁኔታ እንጂ የአየር ንብረት አይደለም። የአየር ንብረት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የ30 ዓመት አማካይ ነውና፣ በአንድ ዶፍ ተነሥታችሁ «ለውጡ ይኸው!» አትበሉ። ለማወዳደር በአቅራቢያችሁ ያለውን የሜትዎሮሎጂ ጣቢያ የዓመታት መረጃ በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጠይቁ። አዛውንት ስታነጋግሩም «ድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር?» አትበሉ፤ መልሱ የታወቀ ነው። «ጤፍ የምትዘሩት በየትኛው በዓል ሰሞን ነበር? አሁንስ?» ይሻላል። ሌላው የማይሞት ስህተት ሙቀቱን በኦዞን መሳሳት ማሳበብ ነው። ምድርን የሚያሞቃት በዋናነት እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያሉ ጋዞች ሙቀት ይዘው ማስቀረታቸው ነው።

ጽሑፉን ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ በሰዓት ለኩት፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ቁረጡ። የግቢው ጡሩምባ ድምፅ ማጉያ ወፍራም ድምፅ ስለማያወጣ ከንግግር ሥር ሙዚቃ አታስገቡ፣ ቃሉን ይውጠዋል። ማይኩ ከማጉያው ፊት ከቆመ ይጮኻል፤ ከኋላው አድርጉት። መብራት የጠፋ ቀን ቁጥሩን በር ላይ ባለው ሰሌዳ በጠመኔ ጻፉት።