ልጅ ሜዳ ላይ ሲጎዳ ትምህርት ቤቶች የሚሠሯቸው ስህተቶች

የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው። ስልሳ ተማሪ፣ አንድ ኳስ፣ አንድ መምህር። ሜዳው ኮረት የበዛበት ነው፤ አለዚያም ሲሚንቶ የተነጠፈ ግቢ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ልጅ መውደቁ አይቀርም፤ ጥፋቱም የማንም ላይሆን ይችላል። ከወደቀ በኋላ ባሉት አሥር ደቂቃዎች የሚደረገው ግን የትምህርት ቤቱ ኃላፊነት ነው። እኔ እንደማየው ጉዳት የሚባባሰው በክፋት አይደለም። ሁሉም ይሯሯጣል፣ ሁሉም ያዝናል። ማን ምን እንደሚሠራ ቀድሞ የተነጋገረ ግን የለም። ስህተቶቹም በየትምህርት ቤቱ ያው ናቸው።

«ተነስ፣ ምንም አልሆንክም!»

ልጁ ገና መሬት ከመንካቱ አንዱ በብብቱ ገብቶ ብድግ ያደርገዋል። «ወንድ አይደለህ እንዴ፣ ተነስ!» ይሉታል። ሁለት ጓደኞቹ እጁን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ ጥላ ይጎትቱታል። ጨዋታው እንዲቀጥል ነው ጥድፊያው።

መምህሩ መጀመሪያ ጨዋታውን ያቁም። ጎንበስ ብሎ ስሙን ይጥራው፣ የት እንዳመመው ይጠይቀው። ደም ከፈሰሰው ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብሎ ይያዝለት። አንገቱንና ጀርባውን ካላመመው፣ እጅና እግሩንም እንደ ልቡ ካንቀሳቀሰ፣ ራሱ ቀስ ብሎ ይቀመጥ፤ ከዚያም ራሱ ይቁም። መነሳት ያልቻለ ልጅ ያልተነሳበት ምክንያት አለው።

«አንገቴን»፣ «እግሬ አይሰማኝም» ካለ ወይም በጭንቅላቱ ከተተከለ ከቦታው አይነቃነቅ። አንድ ሰው ከራስጌው ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይያዝለት፤ አምቡላንስ እስኪመጣም አይልቀቀው። አራት ሰው እጅና እግሩን ይዞ እንደ ጆንያ ሲያንከረፍፈው፣ ያልተጎዳው ሰረሰር ያኔ ሊጎዳ ይችላል።

ውኃ፣ ክብሪትና የሰው ብዛት

እኛ ዘንድ ልጅ ራሱን ከሳተ ውኃ ይመጣል፣ ክብሪት ይጫራል፣ ሕዝብ ይከባል። ውኃው ፊቱ ላይ ይደፋል፤ ሲብስም አፉ ውስጥ ይፈስሳል። ራሱን የሳተ ልጅ መዋጥ ስለማይችል ያ ውኃ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የክብሪት ጭስ ደግሞ የሚፈይደው ነገር የለም፤ ለመተንፈስ የሚታገልን ልጅ ማፈን ነው። ካንቀጠቀጠው አፉ ውስጥ ማንኪያ ወይም እስክሪብቶ አይክተቱ። ዙሪያውን ያለውን ድንጋይና ወንበር ያንሱለት፣ ሰዓት ይያዙ፣ ሲያበቃለት በጎኑ ያስተኙት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጠራ።

ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ዴንማርክና ፊንላንድ ኮፐንሃገን ላይ ሲጫወቱ የዴንማርኩ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ማንም ሳይነካው ዘፍ ብሎ መውደቁን ብዙዎቻችን በቀጥታ ስርጭት አይተናል። ልቡ ቆማ ነበር። የቡድን ጓደኞቹ ከበው ከካሜራ ከለሉት፤ ሥራውን ግን ለሚያውቁት ተዉላቸው። ሐኪሞቹ ወዲያው ደረቱን መጫን ጀመሩ፣ በኤሌክትሪክ መሣሪያም ልቡን መለሱለት። ሰውየው ዛሬም በሕይወት አለ፤ ወደ ሜዳም ተመልሷል።

መሣሪያው በየትምህርት ቤታችን የለም። እጅ ግን አለ። በኳስ ደረቱን የተመታ ልጅ ድንገት ቢወድቅና ባይተነፍስ፣ ወይም አልፎ አልፎ እያጣጣረ ቢስብ፣ የደረቱን መሐል አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ነው። ይህን በአንድ ከሰዓት ሥልጠና መማር ይቻላል። የስፖርት መምህሩ ብቻ ሳይሆን ዘበኛውም ቢማረው ጥሩ ነው፤ ግቢውን ቅዳሜም የማይለቀው እሱ ነውና።

ጭንቅላቱን የተመታውን ልጅ ወደ ጨዋታ መመለስ

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ስህተት አይመስልም። ሁለት ልጆች ኳስ በግንባር ሊመቱ ዘለው ጭንቅላት ለጭንቅላት ይጋጫሉ። አንደኛው ትንሽ ይንገዳገዳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ «ደህና ነኝ» ይላል። ደም የለም፣ እብጠትም የለም። ይገባል።

ሐኪሞች ኮንከሽን የሚሉት የአንጎል መናወጥ ከውጭ ምንም ላያሳይ ይችላል። አብዛኞቹ ልጆች ራሳቸውን እንኳን አይስቱም። ስለዚህ «ራሱን አልሳተም» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም። ምልክቱ ሌላ ነው፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ብርሃን መጥላት፣ መፍዘዝ። «ስንት ለስንት ነን?» ብሎ ጠይቆ ተነግሮት፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ያንኑ መልሶ የሚጠይቅ ልጅ በዚያ ቀን ኳስ መንካት የለበትም። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ከጠረጠራችሁት አስወጡት። ጥርጣሬ በቂ ነው።

ያልዳነ አንጎል እንደገና ሲመታ የሚመጣው ጣጣ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2009 ሕግ ያወጣው፣ የ13 ዓመት ልጅ ጭንቅላቱን ተመትቶ በዚያው ጨዋታ ከተመለሰ በኋላ አንጎሉ ደምቶ ለከባድ ጉዳት ስለተዳረገ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት የተጠረጠረ ልጅ ወዲያው ይወጣል፤ በጤና ባለሙያ የተጻፈ ፈቃድ ሳይዝም አይመለስም። ወላጅና ልጅ በየዓመቱ ስለ ጉዳቱ የሚያስረዳ ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። በዚያው ግዛት ሲያትል ከተማ ልጆቻቸውን ለትምህርት ቤት ኳስ የሚያስመዘግቡ ሐበሾች ወረቀቱን ያውቁታል። እዚህ እኛ ዘንድ ያንን ሕግ ለመከተል ፓርላማ መጠበቅ አያስፈልግም። ርዕሰ መምህሩ በአንድ ገጽ ማስታወቂያ ሊደነግገው ይችላል።

ልጁ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ለመንቃት ካስቸገረ፣ የአንድ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ወይም ከጆሮው ከአፍንጫው ውኃ መሰል ፈሳሽ ከወጣ፣ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ቀጥታ ሆስፒታል። ሌላውም ቢሆን ሐኪም ይየው። ለብቻው በታክሲ ወደ ቤት አይሸኝ። ከዚያ አንድ ሁለት ቀን እረፍት፣ ቀጥሎ ክፍል፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ቀጥሎ ግጭት የሌለበት ልምምድ ነው። በየደረጃው ቢያንስ አንድ ቀን ይቆያል፤ ግጭት ወዳለበት ጨዋታ የሚመልሰው ደግሞ የሐኪም ፈቃድ ነው። ፈተናም የደረጃው አካል ነው። ፊደል ሲያይ ራሱን የሚያመውን ልጅ ሚድ ተርም ማስቀመጥ ለማንም አይጠቅምም።

ማሸት፣ መጎተት፣ «ወጌሻ ይየው»

ቁርጭምጭሚቱ የዞረ ልጅ ላይ ወዲያው የሚፈጸመው ነገር ይታወቃል። አንዱ ቅባት ያመጣል፣ ሌላው እግሩን ይዞ ያሻል፣ «ወለምታ ነው፣ ቀጭ ሲል ይመለሳል» ይላል። በልጅ አጥንት ጫፍና ጫፍ ላይ እድገቱ የሚካሄድበት ለስላሳ ክፍል አለ። ከጅማቱ ይልቅ እሱ ሊሰበር ይችላል፤ ስለዚህ ወለምታ የመሰለን ስብራት ሊሆን ይችላል። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ያስፈልገዋል።

ወጌሻን ለማጣጣል አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚያምነው የሰፈር ባለሙያ ነው። ግን የኢትዮጵያ የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት ጉዳይ አለ። የተሰበረ ክንድ በቀርከሃ ወይም በሰንበሌጥ ጥርቅም ተደርጎ ይታሰራል፣ ያብጣል፣ ማሰሪያው አይላላም፣ ደም መዘዋወሩ ይቆማል። ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ «ስብራት እኮ ያማል» ይባላል። ሲነጋ ጣቶቹ ጠቁረዋል። በዚህ ሰበብ እጃቸው የተቆረጠ ሕፃናት አሉ። ወላጅ በራሱ ውሳኔ ወዴትም ሊወስደው ይችላል፤ ትምህርት ቤት ግን በራሱ ሥልጣን ልጅን ወደ ወጌሻ መላክ የለበትም።

ሜዳ ላይ የሚደረገው ቀላል ነው። የጎበጠውን ለማቃናት አይሞከር። ባለበት ቅርጽ፣ ከላይና ከታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች ጨምሮ፣ በማስመሪያና በነጠላ ለዘብ አድርጎ መደገፍ። ጣቶቹን በየጊዜው ማየት፦ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከደነዘዙ ማላላት። በረዶ ከሌለ ከሱቅ የቀዘቀዘ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልሎ 15 ደቂቃ ያህል መያዝ ይበቃል። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል ለስላሳም ሆነ ብስኩት አይስጡት።

ነስርና ጥርስ

ነስር ሲመጣ ጭንቅላት ወደ ኋላ አይደፋም፤ ደሙን ያስውጣል። ወደ ፊት ጎንበስ አድርጎ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል አሥር ደቂቃ ሳይለቁ መያዝ ነው።

የወለቀ ቋሚ ጥርስ ደግሞ ሊመለስ እንደሚችል ብዙ መምህር አያውቅም። በሥሩ ሳይሆን በነጩ በኩል ይያዝ፣ አይፈተግ፣ ወተት ውስጥ ይጨመርና በአንድ ሰዓት ውስጥ የጥርስ ሐኪም ጋ ይድረስ። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን ተመልሶ አይተከልም።

የተቆለፈው ሣጥን

የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ አለ፤ ግድግዳ ላይ ቀይ መስቀል ተስሎበታል። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊው ምሳ ወጥቷል። ሲከፈት ውስጡ የደረቀ ጂቪ፣ ግማሽ ጥቅል ፋሻና ቀኑ ያለፈበት አልኮል ይገኛል። ሣጥን አይቆለፍም። ስፖርት በሚኖርበት ክፍለ ጊዜ ደግሞ ቢሮ ሳይሆን ሜዳው ዳር ነው መቀመጥ ያለበት።

ወላጅ ጋ የሚደወልበት መንገድ

ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንደኛው አለመደወል ነው፤ «ማታ ሲመጡ እንነግራቸዋለን» ይባላል። ሌላው ደውሎ ማስደንገጥ ነው፤ «ቶሎ ድረሺ፣ ልጅሽ ወድቋል» ብሎ ስልኩን መዝጋት። መርካቶ ሱቅ ውስጥ ያለች እናት ይህን ሰምታ እንዴት መንገድ እንደምትሻገር አስቡት።

እንዲህ ቢባልስ፦ «የናሆም እናት ነዎት? ከትምህርት ቤት ነው፣ ዩኒት ሊደሩ ነኝ። ናሆም ነቅቶ ያወራል። ሲጫወት ወድቆ ክንዱ አብጧል፣ የስፖርት መምህሩ አብሮት አለ። ወደ ሆስፒታል ይዘነው እየሄድን ነው፤ እርስዎ በቀጥታ ወደዚያ ይምጡ። የማይስማማው መድኃኒት አለ?» የሆስፒታሉን ስም ጨምሮ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። «ትንሽ ነው፣ አይጨነቁ» የሚለውን ተዉት፤ ትንሽ መሆኑን የሚያውቀው ራጁ ነው። የተመዘገበው ስልክም መስከረም ላይ ይጣራ። ሦስት ዓመት የቆየ ቁጥር ላይ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የሚለውን ድምፅ መስማት የተለመደ ነው።

ወላጅ ካልተገኘስ? መጠበቅ አይደለም። አስቸኳይ ከሆነ ልጁ ይሄዳል፣ ስልኩ ይቀጥላል። ለዚህም በምዝገባ ቀን ወላጅ «ባልገኝ ሕክምና ይወሰድልኝ» ብሎ ይፈርም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ደግሞ በ939 ይገኛል። ቁጥሮቹ በር ላይ ይለጠፉ። አብሮ የሚሄደው ሰውና ለመታከሚያ የሚሆን ጥቂት ብርም ቀድሞ የታወቀ ይሁን። በባጃጅ ከሌላ ተማሪ ጋር የተላከ ልጅ ካርድ ማውጫ መስኮት ላይ ሲጉላላ ሰዓቱ ይሄዳል።

አለመጻፍ

ብዙ ትምህርት ቤት ከጻፈ የሚከሰስ ይመስለዋል። የተገላቢጦሽ ነው። ምንም ያልጻፈው ነው ወላጅ፣ ወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) እና ወረዳ ሲጠይቁት የሚንተባተበው። ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ማን እንዳየ፣ ምን እንደተደረገ፣ መቼ እንደተደወለ፤ አምስት መስመር ይበቃል። «ልጁ ስለሚረብሽ ነው» የሚል ፍርድ ግን አይጻፍ።

መዝገቡ ሌላም ጥቅም አለው። በአንድ ተርም ሦስት ልጅ እዚያው ጉድጓድ ጋ ከወደቀ ጥፋቱ የጉድጓዱ ነው። የብረት ጎሉም ያው፤ ልጆች ይንጠለጠሉበታል፣ መሬት ላይ ካልተተከለ ይገለበጣል። በሌሎች አገሮች በዚህ የሞቱ ሕፃናት አሉ። የሚተክለው አንድ ብየዳ ሠሪና አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ነው።

ሳይድን ማስገባት

ጀሶው ሲፈታ ሁሉም ያለቀ ይመስለዋል። ልጁም ያንን ነው የሚፈልገው፤ የክፍል ለክፍል ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። መምህሩ ደግሞ ፕራክቲካል ከመቶ መሙላት አለበት፣ ስለዚህ «እስኪ ቀስ ብለህ ሩጥ» ይላል። ያልሮጠ ልጅ ሌላ የሚለካበት ሥራ አይጠፋም፤ ሰዓት ይያዝ፣ ያዳኝ፣ ነጥብ ይመዝግብ።

የሐኪሙ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ሆምሩም መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ኮፒ ተደርጎ ለስፖርት መምህሩና ለቡድኑ አሰልጣኝ ይድረስ። ልጁ ራሱ አይነግራቸውም።